ትልቁ ርዕደ መሬት ትንሽ ማዕበል፣ ትንሹ ትልቅ ማዕበል፤ ለልጄ ምን ልበለው?

ዘጠነኛ ፎቅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ። አምባሳደር አካባቢ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የምሠራ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። በ2017 ዓ.ም. ገና ሲቃረብ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል እየመጣ ሲያወዛውዘን የከረመውን መንቀጥቀጥ ታስታውሳላችሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ የውኃ ብርጭቆ አስቀምጬ እሱን ሳይ እውላለሁ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ደግሞ ፍርሃቱን ወደ ጥያቄ ለውጦታል፤ የትም አገር ምድር በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቁጥሩን በደብተር ይመዘግባል።

ጉድ ያፈላብኝ ይህ ደብተር ነው። ሐምሌ 23 ቀን 2017 በሩሲያዋ ካምቻትካ አጠገብ 8.8 ተመዘገበ። ጃፓን ውስጥ ወደ ሁለት ሚሊዮን ሰው ከባሕር ዳርቻ እንዲርቅ ተነገረው፤ እዚያ የደረሰው ማዕበል ግን ከአንድ ሜትር ብዙም አልበለጠም። እዚያው ደብተር ላይ፣ ጥቂት ገጾች ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ ሜንታዋይ ደሴቶች የደረሰው 7.8 አለ። የእሱ ማዕበል ከ400 በላይ ሰው ጨርሷል። የአንድ ሙሉ ቁጥር ልዩነት ማለት በጉልበት ሠላሳ እጥፍ ገደማ እንደሆነ አንብቤያለሁ። "እማዬ፣ ትልቁ እንዴት በትንሹ ተበለጠ?" አለኝ። "ርቀቱ ነው" አልኩትና ወደ ማዕድ ቤት ሸሸሁ። አላመነኝም። እኔም ራሴን አላመንኩም።

እንዴት ይታመናል
ሰኞ፣ ማታ 2፡31

ቁጥሩን የሚሰጡን ሳይንቲስቶቹ፣ የሚለውጡትም እነሱ። የካምቻትካው መጀመሪያ 8.0 ነው ተባለ፣ ቆየት ብሎ 8.7፣ ከዚያ 8.8። መርካቶ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሚዛን ቢገኝ ደንበኛው ሚዛኑን በነጋዴው ጭንቅላት ላይ ይሰብረው ነበር። ለልጅሽ "እነሱም አያውቁም" በይውና ተገላገዪ።

ስድስት ኪሎ
ሰኞ፣ ማታ 3፡05

የጂኦፊዚክስ ተማሪ ነኝ። እህቴ፣ የሰጡት መልስ ግማሹ ልክ ስለሆነ ከማዕድ ቤት ይውጡ። ለካምቻትካ ቅርብ የሆነችው ሴቬሮ ኩሪልስክ ወደቧ በዚያው ቀን በበርካታ ሜትር ማዕበል ተጥለቅልቋል። ሰው ያላለቀው አካባቢው ሰው የማይበዛበት ስለሆነና ማስጠንቀቂያው ስለደረሰ ነው። ይህችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1952 በዚያው አካባቢ በተነሣ 9.0 ርዕደ መሬት ጠፍታ ነበር፤ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ሞቶባታል።

ሌላው ግማሽ ይህ ነው፦ ማዕበሉን የሚወልደው መንቀጥቀጡ አይደለም። የባሕሩ ወለል ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ከላዩ ያለው ውኃ በሙሉ አብሮ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ውኃ ደግሞ እንደ አፈር ጉብታ ሆኖ አይቀመጥም፤ መሄድ አለበት። ሱናሚ የምንለው ይህንን ጉዞ ነው። ልጅዎ በሳፋ ይሞክረው። ስስ የፕላስቲክ ሳፋ ውኃ ሞልቶ በሁለት ወንበሮች መካከል ያሳርፍ። ጎኑን በጥፊ ቢመታው ውኃው ይርገበገባል እንጂ የትም አይሄድም። ከሥሩ በመዳፉ ገፋ ቢያደርገው ግን ውኃው ዳር ድረስ ተጉዞ ይመለሳል። በዜና የምንሰማው ቁጥር የመላውን ጉልበት መጠን ይነግረናል፤ መዳፉ ወደ ላይ ይግፋ፣ ወደ ታች ይሳብ ወይም ወደ ጎን ይንሸራተት አይነግረንም።

"እንዴት ይታመናል" ላሉት፦ ሚዛኑ አልተለወጠም። ጆንያው ሙሉ በሙሉ ሳይጫን የተነበበ ክብደት ነው። ትልቅ ርዕደ መሬት ተቀድዶ ለመጨረስ ደቂቃዎች ይወስድበታል፤ የመጀመሪያው ስሌት የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ ሞገዶች ነው።

መርከበኛው ዘ አራዳ
ሰኞ፣ ማታ 3፡40

ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ኖሬ አሁን ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ የምጠጣ ጡረተኛ ነኝ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 እሑድ ጠዋት በሕንድ ውቅያኖስ መካከል በጭነት መርከብ ላይ ነበርኩ። የሱማትራው ማዕበል በመርከባችን ሥር አልፏል። በሥራችን ነው የምላችሁ! ቡና እየጠጣሁ ነበር፤ ሲኒው አልተንቀሳቀሰም። የሰማነው ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ነው። ወላሂ ብሎ የማለ ሙስሊም ባልደረባዬ "የትኛው ማዕበል?" እያለ ወደ ውኃው አጎንብሶ ይመለከት ነበር።

ኋላ እንዳነበብኩት በዚያን ቀን ጄሰን አንድ የተባለች ሳተላይት ከሁለት ሰዓት በኋላ ከላይ አልፋ የለካችው የማዕበሉ ከፍታ ጥልቁ ባሕር ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ያ 60 ሴንቲ ሜትር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ላይ የተዘረጋ ስለሆነ መርከብ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ማንም አያውቅም። አራት ሺህ ሜትር ጥልቀት ባለበት በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ይበራል። ወደ ዳር ሲጠጋ ፍጥነቱን ያጣና በከፍታው ይካሳል። ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ማዶ፣ ኦማን ሳላላ ወደብ፣ 285 ሜትር የሚረዝም መርከብ ገመዱን በጣጥሶ ወጥቷል። ጎረቤታችን ሶማሊያ ሐፉን ላይ የደረሰውን ደግሞ ታውቃላችሁ፤ በአገሪቱ ወደ 300 የሚሆን ሰው አልቋል። መርከበኛ ማዕበል ሲመጣ ከወደብ ወደ ጥልቁ የሚሸሸው ለዚህ ነው።

ዘጠነኛ ፎቅ
ሰኞ፣ ማታ 3፡52

ጋሼ፣ ሲኒው አልተንቀሳቀሰም ያሉትን ለልጄ ሳነብለት ደብተሩ ላይ ጻፈው። እኔ ግን የብርጭቆዬ ዘበኝነት ከንቱ መሆኑን ዛሬ ተረዳሁ። ስድስት ኪሎ፣ ሜንታዋይስ?

ስድስት ኪሎ
ሰኞ፣ ማታ 4፡30

ሜንታዋይ ሌላ ጉድ ነው። በውቅያኖስ ጠርዝ ላይ አንዱ የምድር ቅርፊት ከሌላው ሥር ይገባል፤ የሚገባበት ቦታ ረጅም ጉድባ ይሠራል። ሁለቱ ቅርፊቶች ተያይዘው ለዘመናት ይቆዩና አንድ ቀን ሲላቀቁ የላይኛው ወደ ባሕር ይወረወራል። ጥያቄው ከየት እስከ የት ተላቀቁ የሚለው ነው። መላቀቁ ጥልቀት ላይ፣ ጠንካራ ድንጋይ ውስጥ ከሆነ ከተማው ክፉኛ ይናወጣል፤ የባሕሩ ወለል ግን የዚያን ያህል ላይነሣ ይችላል። ጉድባው አፍ ላይ፣ ለስላሳ ደለል ባለበት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ስንጥቁ ቀስ ብሎ ይቀደዳል፣ ንዝረቱ ልዝብ ነው፣ ወለሉ ግን ብዙ ይነሣል። ሜንታዋይ እንዲህ ነበር። ሰዎቹ የተሰማቸው ንዝረት ቤት የሚያስጥል አልነበረም።

የዚህ ዓይነቱ ጥንታዊ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1896 በጃፓን ሳንሪኩ የደረሰው ነው። ሰዎች በዓል ላይ ነበሩ፣ ትንሽ ወዝወዝ አለ፣ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በኋላ ውኃው መጣና ወደ 22 ሺህ ሰው ይዞ ሄደ። ሂሮ ካናሞሪ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 ለዚህ ዓይነቱ "የሱናሚ ርዕደ መሬት" የሚል ስም አወጣለት። እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን ቶሆኩ ሁለቱም አንድ ላይ መጡ፤ ጥልቀቱም ጉድባው አፍም። አፉ አካባቢ ወለሉ ወደ 50 ሜትር ተንሸራቷል። ሃምሳ ሜትር ማለት ከቴዎድሮስ አደባባይ አንዱ ጎን ተነሥቶ መንገዱን አቋርጦ ማዶ ሄዶ መቀመጥ ማለት ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ።

መሐንዲስ በሥራ ላይ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ጥሩ ገለጻ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ስንጥቅ እያሰባችሁ ነው። አንድ ስንጥቅ፣ አንድ መላቀቅ፣ አንድ ማዕበል። የሕንፃ ንድፍ ስንሠራም እንዲህ እናደርጋለን፤ ለስሌት ይመቻል። ምድር ግን የስሌት ምቾታችንን ታውቃለች ወይ?

የጎጃም በረንዳው አናጺ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡02

አታውቅም። እኔ ስለ ባሕር የማውቀው ዓሣ ብቻ ነው፣ እሱንም በጾም። እንጨት ግን አውቃለሁ። ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ በአንድ ምሳር ከላይ እስከ ታች ይከፈላል። አንጓ ያለበትን ጉማጅ ሞክሩት፦ ስንጥቁ አንጓው ጋ ይደርሳል፣ ይቆማል፣ ተሸነፍኩ ስትል በሌላ በኩል ጧ ይላል። አንዳንዴ የመታኸው እዚህ፣ የተከፈለው እዚያ። ምድርም አንጓ ያላት ይመስለኛል።

ስድስት ኪሎ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡45

አናጺው በሁለት መስመር የተናገሩትን አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተምሬዋለሁ። መሐንዲሱም ልክ ናቸው፤ ትናንት ያቀለልኩት ሆን ብዬ ነው።

የሳሞአን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2009፣ በእነሱ ማለዳ ላይ፣ በሳሞአና በቶንጋ መካከል 8.1 ተመዘገበ። የመጀመሪያው ትንታኔ ግራ የሚያጋባ ነበር። ቅርፊት ከቅርፊት ሥር በሚገባበት ቦታ የሚጠበቀው የመገፋፋት ስንጥቅ ነው፤ መሣሪያዎቹ የተናገሩት ግን የመለጠጥ ስንጥቅ ነው። የመለጠጥ ስንጥቅ እኛ በስምጥ ሸለቆ የምናውቀው ዓይነት ነው፤ መሬቱ በሁለት ወገን ሲሳብ መካከሉ ይሰምጣል። እዚያ ምን አመጣው? ወደ ጉድባው የሚገባው ቅርፊት ከመግባቱ በፊት ይጎብጣል። አናጺው፣ እርጥብ ጣውላ ሲጎብጥ የሚሰነጠቀው በየትኛው ጎን ነው? በላይኛው። ያም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ሳንሪኩን ለሁለተኛ ጊዜ የመታውና ወደ ሦስት ሺህ ሰው የገደለው ማዕበልም ከዚህ ዓይነቱ ስንጥቅ የተነሣ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሳይንቲስቶች ከወራት በኋላ መዝገቦቹን ሲያገላብጡ ከመጀመሪያው ሞገድ ጅራት ሥር ሌላ ድምፅ የተደበቀ መሆኑን ደረሱበት። የመለጠጡ ስንጥቅ በተቀደደ በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ አጠገቡ ያለው የቅርፊቶቹ መጋጠሚያ ሁለት ጊዜ ተላቅቋል፤ እያንዳንዱ 7.8 ያህል። ሁለቱ ሲደመሩ ከመጀመሪያው ብዙም አያንሱም። አንዱ ወለሉን ዝቅ አደረገ፣ ሌላው በቅርብ ርቀት ከፍ አደረገ። ማዕበሉ በአንዳንዱ መንደር ከሩብ ሰዓት ብዙም ሳይቆይ ደረሰ፤ በሳሞአ፣ በአሜሪካ ሳሞአና በቶንጋ ወደ 190 ሰው ሞተ። ሟቾቹ አንድ ርዕደ መሬት እንደሆነ አስበው ነው የሞቱት። መሣሪያዎቹም ያን ዕለት እንደዚያው ነበር ያሰቡት።

እንዴት ይታመናል
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

እንግዲህ ራስህ አመጣኸው። ከወራት በኋላ ሁለት ነበሩ፣ ሦስት ነበሩ ይላሉ። ከጅራት ሥር የተደበቀ ድምፅ በምን ይሰማል? እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከከበሮው ሥር ጸናጽል ለመስማት እቸገራለሁ።

ስድስት ኪሎ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡35

ጸናጽሉን የሚሰሙት ጆሮዎን ሌላ ቦታ ሲያስቀምጡ ነው። እነሱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያው ከበሮውን ሰማ። ከዚህ ሌላ ግን ቶንጋ ውስጥ ኒዋቶፑታፑ በምትባል ደሴት ላይ መሬቷ ወዴት እንደሸሸች በሳተላይት ተለካ፤ የሄደችበት አቅጣጫና ርቀት በመለጠጡ ስንጥቅ ብቻ ሊገለጽ አልቻለም። በባሕር ወለል ላይ የተተከሉ የግፊት መለኪያዎች ደግሞ ያለፈውን ማዕበል ቅርጽ ያዙ። ሦስቱ ምስክሮች አንድ ላይ ሲቆሙ ታሪኩ ተቀየረ።

መሐንዲስ በሥራ ላይ
ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡15

ከዚህ የምወስደው ቢያንስ አንድ ነገር አለ፦ ወደ ጎን የሚንሸራተት ስንጥቅ ሱናሚ አያመጣም። ወለሉ አይነሣማ።

ስድስት ኪሎ
ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡28

በአብዛኛው አዎን። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ከሱማትራ ምዕራብ 8.6 ደረሰ፤ ከተመዘገቡት የጎን መንሸራተቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ቢያንስ አራት ስንጥቆች እርስ በርስ እየተሻገሩ፣ እንደ ሰፌድ ስፌት እየተጠላለፉ ተቀድደዋል። ማዕበሉ ግን አንድ ሜትር ገደማ ነበር። ስለዚህ ጎን መንሸራተት አያስፈራም።

ቤተ መጻሕፍት ያደረ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50

ወንድሜ ስድስት ኪሎ፣ እዚህ ላይ ቸኮልክ። ፓሉን ረሳህ። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2018፣ ኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ፣ 7.5፣ የጎን መንሸራተት። ማዕበሉ በደቂቃዎች ውስጥ ከተማዋ ውስጥ ገባ። ከማዕበሉ፣ ከመንቀጥቀጡና እንደ ጭቃ ከፈሰሰው መሬት የተነሣ ከአራት ሺህ በላይ ሰው አልቋል። "አያስፈራም" ብለህ የጻፍከውን አርመው፤ እዚህ የሚያነብ ልጅ አለ።

ስድስት ኪሎ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20

ትክክል ነህ፤ ጥፋቴን እቀበላለሁ። ልጁም ደብተሩ ላይ ይሰርዘው።

ፓሉ ጠባብና ረጅም የባሕር ሰርጥ ዳር ናት፤ ስንጥቁ ሰርጡን ሰንጥቆ ያልፋል። ስንጥቁ ቀጥ ያለ መስመር ቢሆን ኖሮ ወለሉ ወደ ጎን ብቻ በሄደ። ግን ይታጠፋል። የታጠፈ ስንጥቅ ወደ ጎን ሲንሸራተት እጥፋቱ ላይ መሬቱ ወይ ይጨመቃል ወይ ይለጠጣል፤ ስለዚህ አንዱ ቦታ ይነሣል፣ ሌላው ይሰምጣል። የሰርጡ ዳገታማ ግድግዳም ወደ ጎን ሲሄድ ውኃውን እንደ አካፋ ይገፋል። በላዩ የባሕር ዳርቻው በየቦታው ተንዶ ውኃ ውስጥ ገብቷል። ከእነዚህ የትኛው የበለጠውን ማዕበል እንደወለደ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ስለ ውስብስብ ስንጥቅ ካነሣን ካይኩራን አለመጥቀስ ነውር ነው። ኒውዚላንድ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2016፣ 7.8። የተነሣው የብስ ላይ ሆኖ ከሃያ የሚበልጡ ስንጥቆችን እየዘለለ ሰሜን ምሥራቁን ይዞ ወጣና ባሕር ገባ። አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይ፣ ሁሉም በሁለት ደቂቃ ገደማ። አናጺው አንጓ ያሉት ይህ ነው። ጉዝ ቤይ በተባለ ቦታ ውኃው ወደ ሰባት ሜትር ከፍታ ወጥቷል። በማዕበሉ ማንም አልሞተም፤ አንዱ ምክንያት የባሕር ዳርቻው ራሱ ከፍ ማለቱ ነው። ምድሪቱ ማዕበል ልካ ራሷ ደግሞ እግሯን ሰብስባ ቁጭ አለች።

መርከበኛው ዘ አራዳ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡55

እኔ ሳውዝ ሳንድዊች የሚባሉትን ደሴቶች አንድ ጊዜ በካርታ አይቼ "እዚህ ማን ይኖራል?" ብዬ ነበር። ፔንግዊን ነው አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚያ የተነሣ ማዕበል በአትላንቲክም በፓሲፊክም በሕንድ ውቅያኖስም ተመዘገበ ሲባል ደነቀኝ። ስድስት ኪሎ ልጄ፣ እሱን ታውቀዋለህ?

ስድስት ኪሎ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

ጋሼ፣ እሱ ከሁሉም የሚገርመኝ ነው። ነሐሴ ውስጥ መጀመሪያ 7.5 ተባለ፣ በ47 ኪሎ ሜትር ጥልቀት። ሦስት ደቂቃ ቆይቶ 8.1 ተከተለ። 7.5 በዚያ ጥልቀት ዓለምን የሚያካልል ማዕበል አይልክም፤ ስለዚህ እንቆቅልሽ ሆነ። ቀስ ብለው የሚወዛወዙትን ረጃጅም ሞገዶች ለይተው ሲያዩት አምስት ክፍሎች ያሉት ቅድድ ሆኖ ተገኘ። ከአምስቱ አንዱ ለ200 ሰከንድ ያህል፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ ድምፁን አጥፍቶ የተንሸራተተ ነበር። ከጠቅላላው ጉልበት ብዙውን የያዘው እሱ ነው። ጯኺዎቹ አራቱ ናቸው፤ ሥራውን የሠራው ዝምተኛው።

ለእርስዎ፣ "እንዴት ይታመናል"፦ ፈጣን ማስጠንቀቂያ የሚሰጡ ተቋማት የሚያስጨንቃቸው እርስዎ የጠረጠሩት ነገር ራሱ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ጯኺዎቹን ይሰማል።

እንዴት ይታመናል
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡22

ከተጠራጠርኩ በኋላ ተስማምተው ሲመጡብኝ ደስ አይለኝም።

ዘጠነኛ ፎቅ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

እኛስ? ቀይ ባሕር ቅርባችን ነው። ልጄ ሌሊት እንቅልፍ እንዲወስደው የሚሆን መልስ እፈልጋለሁ።

ስድስት ኪሎ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡50

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ሱናሚን ከደብተሩ የፍርሃት ገጽ ላይ ያውጣው። ቀይ ባሕርም የሚከፈት እንጂ የሚዘጋ ባሕር አይደለም፤ ቅርፊት ከቅርፊት ሥር የሚገባበት ጉድባ የለውም። የእኛ ምድር ሥራ መለጠጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ተከፍቶ ቅልጥ ዐለት ገባበት፤ በአንዳንድ ቦታ መክፈቻው እስከ ስምንት ሜትር ደርሷል። ባለፈው የአዋሹም የዚያው ቤተሰብ ነው። እዚህ ከተማ የሚያሳስበው የሕንፃው ምሰሶ ነው፤ እሱን መሐንዲሱ ይናገሩ።

መሐንዲስ በሥራ ላይ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

እናገራለሁ፤ ግን በሌላ ክር። እዚህ ከጀመርኩ ስለ ሲሚንቶ እስከ ፋሲካ አላቆምም።

ዘጠነኛ ፎቅ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡40

ሪፖርት። ሳፋው ተሞከረ። መጀመሪያ ጎኑን በጥፊ፣ እንደተባለው ምንም። ከዚያ ከሥር በአንድ መዳፍ፤ ውኃው ዳር ሄዶ ተመለሰ። እኔ በዚህ ይበቃል ስል ልጄ "ሳሞአን ልሥራ" አለ። በአንድ እጁ የሳፋውን ሥር ወደ ታች ሳበ፣ በሌላው አጠገቡ ወደ ላይ ገፋ። ውኃው በረንዳውን አልፎ ስምንተኛ ፎቅ የተሰጣ ነጠላ ላይ ወረደ። ጎረቤቴ እትዬ ከታች ሆነው "ምነው፣ ክረምቱ ገና ነው!" ብለው ጮኹ።

ጥያቄው ግን አላለቀም። ሁለቱን እጆች እኩል ሲያንቀሳቅስ አንድ ነገር ይሆናል፤ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ሲያስከትል ደግሞ ሌላ። ሳሞአ ላይ የቀደመው የትኛው እጅ ነበር ብለሽ ጠይቂልኝ ይላል።

ስድስት ኪሎ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡10

እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ በአንድ ጊዜ ጽሑፍ አወጡ። አንደኛው የመለጠጡ ቀድሞ መጋጠሚያውን አስነሣው አለ፤ እኔ ትናንት የነገርኳችሁ የእሱን ነው። ሁለተኛው ደግሞ መጋጠሚያው በዝግታ፣ ድምፅ ሳያሰማ ቀድሞ ተላቅቆ የመለጠጡን የቀሰቀሰው ሊሆን ይችላል አለ። ልጅዎ ሁለቱንም ይሞክር፤ ሳፋውን ግን ከበረንዳው ያርቀው።